ለቅሶው ተመልሷል፣ ሠርጉም ተመልሷል፤ የልጃችን ክትባትስ?

 

ዛሬ እንደ ወትሮው ስለ አንድ በሽታ ምልክትና ሕክምና አልጽፍም። ሰሞኑን ሲከነክነኝ የሰነበተ ሐሳብ አለ። ጽሑፉ ረዘም ይላል፤ ቢሆንም እስከ መጨረሻው እንድታነቡልኝ እለምናለሁ። በተለይ ቤታችሁ ውስጥ ሕፃን ልጅ፣ ነፍሰ ጡር ወይም የግፊትና የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ካለ ለእናንተ ነው የጻፍኩት።

ባለፈው ሳምንት አንድ አባት በልጆቻቸው ተደግፈው ወደምሠራበት ቦታ መጡ። ቀኝ እጃቸውና ቀኝ እግራቸው አልታዘዝ ብሏቸዋል። አፋቸው ወደ አንድ ጎን ተጣሟል። ሊናገሩ ይሞክራሉ፣ ቃሉ ግን አይወጣላቸውም። ስትሮክ ነበር። ግፊታቸው ሲለካ 210 በ120 ሆነ።

"የግፊት መድኃኒት ይወስዱ ነበር?" ብዬ ልጃቸውን ጠየቅኋት።

"ይወስዱ ነበር ዶክተር። ኮሮና ሲመጣ ግን ሐኪም ቤት በሽታው አለ ብለን እንዳይሄዱ ከለከልናቸው። በእጃቸው ያለው ሲያልቅ በዚያው ተዉት። ደኅና ነበሩ እኮ!"

"እስከ አሁን ከቤት አልወጡም ማለት ነው?"

"ኧረ ይወጣሉ። ክረምቱ ካለፈ ጀምሮ ለቅሶም ይደርሳሉ፣ ማኅበርም ይሄዳሉ። ባለፈው ሳምንት የእህቴን ልጅ ሠርግ እሳቸው ናቸው የመረቁት።"

ይህን ስትለኝ የምመልሰው ቃል አጣሁ። እኚህ አባት ወደ ለቅሶው ተመልሰዋል፣ ወደ ማኅበሩም ወደ ሠርጉም ተመልሰዋል። ያልተመለሱት ወደ መድኃኒታቸው ብቻ ነው። ቤተሰቡም ቸልተኛ አይደለም። አባታቸውን ከልብ ስለሚወዱ ነበር ሐኪም ቤት እንዳይሄዱ የከለከሏቸው።

የዛሬው ሐሳቤም ይኸው ነው። ኑሯችን ቀስ በቀስ ወደ ቀድሞው እየተመለሰ ነው፤ መመለሱም ተገቢ ነው። አመላለሳችን ግን ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል። ለመመለስ ቀዳሚ መሆን የነበረበት ኋላ ቀረ፤ መጨረሻ ላይ መመለስ የነበረበት ደግሞ ቀደመ።

*

እስቲ ነገሩን ከመጀመሪያው እናስታውሰው። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መገኘቱ ተነገረ። በሦስተኛው ቀን ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ተወሰነ። ከመጋቢት 22 ጀምሮ ደግሞ በባሕር ዳር፣ በአዲስ ቅዳም፣ በቲሊሊና በእኛዋ እንጅባራ ለ14 ቀናት እንቅስቃሴ እንዲቆም ተደረገ። ከአራቱ ከተሞች ሦስቱ የአዊ ዞን ከተሞች ናቸው። ያን ሰሞን የቆሰበርን ዋና መንገድ ያየ ሰው አይረሳውም። ሌት ተቀን መኪና የማያጣው ጎዳና ጭር ብሎ የውሻ ጩኸት ብቻ ይሰማበት ነበር። ስልክ ስንደውል እንኳ ከጥሪው በፊት የሚሰማን እጃችሁን ታጠቡ፣ ርቀታችሁን ጠብቁ የሚል መልእክት ነበር።

እኛ ሐኪሞችም "ከቤት አትውጡ" እያልን ጮኽን። ያን ጊዜ መጮኻችን ስህተት ነበር አልልም። በሽታው አዲስ ነበር፤ ኦክስጅኑም፣ ማስኩም፣ ምርመራውም ጥቂት ነበር። ጥፋታችን ሌላ ነው። "ከቤት አትውጡ" ያልነው በታላቅ ድምፅ ነበር። "ለክትትል ተመለሱ" ያልነው ግን በሹክሹክታ ነው።

ይህን ስል ራሴን ነፃ አላደርግም። በዚያው በመጋቢት መጨረሻ አንዲት እናት የ45 ቀን ክትባት ልታስከትብ ሕፃኗን አዝላ መጣች። በር ላይ ሰው እንዳይበዛ የምንለየው እኛ ነበርን። እኔም ተጣድፌ "እናቴ፣ አሁን ጊዜው ጥሩ አይደለም፤ ነገሩ ሲረጋጋ ነይ" ብዬ መለስኳት።

በታኅሣሥ ተመልሳ መጣች። ልጁ አሥር ወር አልፎታል። ሳልና ትኩሳት ይዞታል፣ ሲተነፍስ የጎድኑ ሥጋ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። የሳንባ ምች ነበር። የክትባት ካርዱን ስገልጠው ሲወለድ ከተሰጠው በቀር ባዶ ነው። "ለምን ሳትመጪ ቀረሽ?" አልኳት፤ እንዲያውም ትንሽ ተቆጥቻለሁ። እሷ ግን ቀና ብላ አየችኝና "ነገሩ ሲረጋጋ ነይ ብለውኝ አልነበር? ተረጋጋ ብሎ የነገረኝ የለም" አለችኝ።

ልጁ ታክሞ ድኗል፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ክትባቱን በጊዜው ቢወስድ ኖሮ አይታመምም ነበር ብዬ መማል አልችልም። ግን ከሳንባ ምች ዋና ዋና መንስኤዎች አንዱን የሚከላከለው ክትባት በ45 ቀኑ ይጠብቀው ነበር። እሱን ሳያገኝ የተመለሰው በእኔ ቃል ነው። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ምክር ብቻ አይደለም፤ ያን ጊዜ ያልተናገርኩትን አሁን መናገሬም ነው። ተመለሱ!

*

"ኮሮና እያለ ስለ ሌላ በሽታ ማውራት ምን ይባላል?" የሚል ካለ አንድ ነገር ላስታውሰው። ኮሮና ከመምጣቱ ጥቂት ቀደም ብሎ በኮንጎ ዴሞክራቲክ ሪፐብሊክ የኢቦላ ወረርሽኝ ነበር። ዓለም ሁሉ ስለ ኢቦላ ያወራ ነበር። ኢቦላው ከ2,000 በላይ ሰዎችን ገደለ። በዚያው ጊዜ ግን በዚያው አገር ኩፍኝ ከ6,000 በላይ ሰዎችን ገድሏል፤ አብዛኞቹ ሕፃናት ነበሩ። ሰዎች የፈሩት ኢቦላን ነው፤ ብዙ ሕፃን የወሰደው ግን ክትባት ያለው የቆየ በሽታ ነው።

ወረርሽኝ በሁለት በኩል ይገድላል። በአንድ በኩል በራሱ ይገድላል። በሌላ በኩል ደግሞ እሱን ስንፈራ በተውነው ነገር ይገድላል። በአገራችን ኮሮና እስከ ጥር 2013 ዓ.ም. ድረስ ከ130,000 በላይ ሰዎች ላይ ተገኝቶ ነበር፤ ከ2,000 በላይ ወገኖቻችንንም አሳጥቶን ነበር። በሁለተኛው መንገድ የሄዱትን ግን በየቀኑ በቴሌቪዥን የሚቆጥርልን የለም።

ጥንቃቄ እያደረጉ አገልግሎት መስጠት እንደሚቻልም አይተናል። በ2012 ክረምት መግቢያ ላይ በአገራችን ወደ 15 ሚሊዮን የሚጠጉ ሕፃናትን ለመድረስ የታቀደ የኩፍኝ ክትባት ዘመቻ ተካሂዷል። ባለሙያዎቹ ማስክ አድርገው፣ ሰው እንዳይጨናነቅ ቦታ ለይተው ከተቡ። ያ በኮሮና መካከል የተሠራ ሥራ ነው። እንግዲህ አንዲት እናት አንድ ልጇን ይዛ ጤና ጣቢያ መሄድ አያቅታትም።

*

ታዲያ ትክክለኛው ቅደም ተከተል የቱ ነው? የእኔ አስተያየት እንዲህ ነው።

አንደኛ፦ የሕፃናት ክትባት። ዛሬ ማታ የክትባት ካርዱን ከሳጥኑ አውጡና እዩት። ሲወለድ፣ በ45 ቀን (6 ሳምንት)፣ በ10 ሳምንት፣ በ14 ሳምንት፣ በ9 ወር እና በ15 ወር የሚሰጡ ክትባቶች አሉ። የ15 ወሩ ሁለተኛው የኩፍኝ ክትባት ነው፤ ብዙ ወላጆች የ9 ወሩ የመጨረሻ ስለሚመስላቸው ይረሱታል። ያለፈ ቀጠሮ ካለ "አለፈበት" ብላችሁ አትተዉት። በአብዛኛው ካቆመበት ይቀጥላል እንጂ እንደ አዲስ አይጀመርም። አንዳንዱ ክትባት ግን የዕድሜ ገደብ ስላለው ነገ ዛሬ አትበሉ። ካርዱ ጠፍቶም ከሆነ ኑ፤ በካርድ መጥፋት የሚቆጣችሁ ባለሙያ ካለ ጥፋቱ የባለሙያው ነው።

ሁለተኛ፦ የቋሚ ሕመም መድኃኒት። የደም ግፊት ድምፅ የለውም። "ደኅና ነኝ" ማለት ግፊቱ ወርዷል ማለት አይደለም። መድኃኒቱን ያቋረጠ ሰው ለወራት ምንም ላይሰማው ይችላል፤ ከዚያ አንድ ጠዋት ላይ እጁ አልታዘዝ ይለዋል። ስኳርም፣ የሚጥል በሽታም፣ የልብ ሕመምም እንዲሁ ነው። በዚያ ላይ ኮሮና አጥብቆ የሚጎዳው እነዚህን ሕመሞች ያለባቸውን ሰዎች ነው፤ ስኳሩና ግፊቱ ልቅ ሲሆን ደግሞ አደጋው ይብሳል። ስለዚህ አባታችንን ከኮሮና ለመጠበቅ ብለን መድኃኒቱን ስናስቋርጥ ለኮሮናም አሳልፈን እየሰጠነው ነው። መመላለሱ ካስፈራችሁ የሁለት ወይም የሦስት ወር መድኃኒት በአንዴ እንዲጻፍላችሁ ሐኪማችሁን ጠይቁ። መጠየቅ ነውር አይደለም።

ሦስተኛ፦ የነፍሰ ጡር ክትትል። እህቶቼ፣ እርግዝና ወረርሽኙ እስኪያልፍ አይጠብቅም። የደም ግፊት፣ የደም ማነስ፣ የልጁ አቀማመጥ የሚታወቀው በክትትል ነው። ቢያንስ ስምንት ጊዜ መታየት ይመከራል። የመጀመሪያው ቶሎ ቢሆን ይመረጣል። ራስ ምታት ሲጠናባችሁ፣ ዓይናችሁ ሲደበዝዝ፣ ፊትና እጃችሁ ሲያብጥ፣ ደም ሲታያችሁ ወይም የልጁ እንቅስቃሴ ሲቀንስ ግን ቀጠሮ ሳትጠብቁ በዚያው ቀን ኑ።

አራተኛ፦ ትምህርትና ጨዋታ። ትምህርት ቤቶች ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ተከፍተዋል። በአንድ ክፍል ከ25 ተማሪ እንዳይበልጥ፣ ልጆቹም በፈረቃ እንዲማሩ ተብሎ ነበር። እስከ አሁን ልጃቸውን ያልመለሱ ወላጆች እንዳሉ አውቃለሁ። አንዳንዱ ከፍርሃት ነው። አንዳንዱ ግን ልጁ በእርሻውና በከብቱ፣ ልጅቷም በቤት ሥራው ስለለመዱላቸው ነው። ጥር ደግሞ የሠርግ ወር ነው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ "ከምትቀመጥ" ተብሎ የታጨች ልጅ የለችም ብላችሁ ታስባላችሁ? በምርመራ ክፍል ውስጥ ዕድሜዋን ስጠይቃት እናቷን ዞራ የምታይ ልጅ ሳገኝ ምን እንደሚሰማኝ እኔ አውቃለሁ። ሕጉ 18 ዓመት ይላል። ሰውነቷም ቢሆን ያው ነው የሚለው፤ ዳሌዋ ሳይጠነክር የምትወልድ ልጅ ምጥ ሲጠናባት ሕይወቷንም፣ ጤናዋንም ልታጣ ትችላለች። የዘጋነውን ደብተሯን እኛው እንክፈትላት።

ስለ ጨዋታም አንድ ነገር ልበል። ብዙዎቻችን ልጆቻችንን ቤት ዘግተን ቴሌቪዥን ፊት አስቀምጠን እኛ ሰው የሞላበት ቤት ገብተን ቡና ስንጠጣ ከረምን። ነገሩ መሆን የነበረበት በተቃራኒው ነው። ነፋስ በሚነፍስበት ሜዳ ላይ ኳስ የሚጫወት ልጅ፣ በር ተዘግቶ ከሃያ ሰው ጋር ከተቀመጠ አዋቂ ይልቅ አደጋው ያነሰ ነው። ልጆች ሲያዙም አብዛኛውን ጊዜ ቀለል ይልላቸዋል። አልጋ ላይ መሽናት የጀመረ፣ ከእናቱ ቀሚስ አልላቀቅ ያለ፣ ሰው የሚፈራ ልጅ ካላችሁ አትምቱት፣ አታሳፍሩት። የእንቅልፍና የምግብ ሰዓቱን መልሱለት፤ ከጓደኞቹ ጋር ውጭ ይጫወት፤ ሲመለስ እጁን ይታጠብ። በጊዜ ሂደት ይረጋጋል። ካልተሻለው አምጡት።

አምስተኛና መጨረሻው፦ ድግስና ስብሰባ። ሠርግ፣ ክርስትና፣ ማኅበር፣ ሰፊ ድንኳን። መጨረሻ ላይ ያስቀመጥኩት ስለምጠላው አይደለም። መዘግየት የሚችለው እሱ ስለሆነ ነው። ሠርግ ቢያንስ ሊቀንስ ይችላል። የ9 ወር ክትባት ግን ለዓመት ሊዘገይ አይገባም።

*

"ለቅሶስ?" ትሉኛላችሁ። ልክ ናችሁ፤ ለቅሶ ለሌላ ጊዜ አይባልም። በእኛ አገር ሐዘንተኛን ብቻውን መተው ከበሽታ የሚቆጠር ነገር ነው። እኔም ባለፈው ግንቦት ያረፈች አክስቴን ለመቅበር አለመድረሴ እስከ ዛሬ ያመኛል። ስለዚህ "ለቅሶ አትድረሱ" አልልም። እንዴት እንደምንደርስ እናስብ ነው የምለው።

ኮሮና የሚወዳቸው ሦስት ነገሮች አሉ፤ ዝግ ቤት፣ ብዙ ሰው እና ረጅም ጊዜ። ሦስቱ ሲገጥሙለት ይዛመታል። ሦስቱን ባንችል አንዱን እንንሳው። ከቤት ይልቅ ድንኳን ውስጥ፣ ከድንኳንም ጎኑ የተከፈተው ይሻላል። ሁሉም በአንድ ሰዓት ከሚጎርፍ እድሩ በተራ ቢያደርገው ይሻላል። ግማሽ ቀን ከመቀመጥ ማስክ አድርጎ ገብቶ፣ አጽናንቶ መውጣት ይሻላል። የቆሰበር ብርድ በርና መስኮት እንደሚያስዘጋ አውቃለሁ፤ እኔም እዚሁ ነው የምኖረው። ጋቢያችንን ደርበን መስኮቱን ገርበብ ማድረግ ግን አያቅተንም። በዚያው የምድጃው ጭስም ይወጣልናል።

ሰላምታን በተመለከተም ከውጭ የምንቀዳው የለም። አባቶቻችን ጎንበስ ብለው እጅ ሲነሱ መከባበር ጎድሎባቸው አያውቅም። ሰውን ሳይነኩ ማክበር የኛው ወግ ነው፤ መጨባበጥና ጉንጭ ለጉንጭ መሳሳም ለጊዜው ይቆየን።

ጥር 23 ደግሞ አለ። የአገው ፈረሰኞችን በዓል የማይወድ የአዊ ልጅ የለም፤ እኔም ፈረሶቹ ሲያልፉ ልቤ አብሮ ይጋልባል። ደስ የሚለው በዓሉ ሜዳ ላይ ነው። ሜዳው ላይ ማስክ ይደረግ፣ ትንሽ ራቅ ራቅ ይባል። እኔን የሚያሳስበኝ ከፈረስ ግልቢያው ይልቅ ከዚያ በኋላ በር ተዘግቶ የሚጠጣው ነው።

*

ኮሮና የለም የምትሉ ወንድሞቼም አላችሁ። አለ። እስከ ጥር 2013 ዓ.ም. ድረስ ክትባቱ በአንዳንድ አገሮች መሰጠት ቢጀምርም እኛ ጋ ገና አልደረሰም ነበር። ትኩሳት፣ ደረቅ ሳል፣ ሽታና ጣዕም አለመለየት የጀመረው ሰው ከሌላው ተለይቶ ይቀመጥ፤ ለቅሶም፣ ቤተ ክርስቲያንም፣ መስጊድም አይሂድ፤ 8335 ደውሎ ይጠይቅ። ትንፋሽ ካጠረው፣ ደረቱን ከተጫነው፣ ከንፈሩ ከጠቆረ ወይም ግራ ከተጋባ ግን ሳይውል ሳያድር ወደ ሕክምና ይምጣ።

አሁንም በጣም የምትፈሩ እናቶችና አባቶችም አላችሁ። ፍርሃታችሁን አልንቅም፤ በእኔም ቤት ነበር። ከሥራ ስገባ የአራት ዓመት ልጄ እየሮጠ መጥቶ ይጠመጠምብኝ ነበር። በኮሮናው ወራት ግን "አትንካኝ፣ ቆይ!" እያልኩት፣ ልብሴን ቀይሬ ታጥቤ እስክወጣ በር ላይ ቆሞ መጠበቅ ለመደ። አንድ ቀን ታጥቤ ወጥቼ እጄን ስዘረጋለት ባለበት ቆሞ "አሁን መንካት ይቻላል?" አለኝ። ያን ጊዜ ነው ልጄን ከበሽታ ስጠብቅ ሌላ ነገር እንደነጠቅኩት የገባኝ። አሁን ማስክና መታጠቡ እንዳለ ነው። ነገር ግን ታጥቤ እንደወጣሁ መጀመሪያ የማደርገው እሱን ማቀፍ ነው። እናቴንም በረንዳ ላይ ተቀምጠን፣ ራቅ ብለን፣ ቡናችንን በየሲኒያችን እንጠጣለን። መድኃኒቷን መውሰዷን ግን ሳልጠይቃት አልነሣም።

የእኔ ቤት ወደ ቀድሞው የተመለሰው እንዲህ ነው። ገና ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም፤ ቢሆንም ሊቀድም የሚገባው ቀድሟል።

ከዚህ ጽሑፍ ሌላውን ሁሉ ብትረሱት እንኳ ዛሬ ማታ ሁለት ነገር አድርጉልኝ። የልጃችሁን የክትባት ካርድ ገልጣችሁ እዩት። ወደ እናታችሁ ወይም ወደ አባታችሁም ደውሉና "መድኃኒትዎ አለ? መቼ ነው ያለቀው?" ብላችሁ ጠይቁ። አልቆ ከሆነ ነገ ጠዋት ይዛችኋቸው ኑ። ከዚህ በፊት "ነገሩ ሲረጋጋ" ተብላችሁ የተመለሳችሁ ካላችሁም፣ አሁን ኑ ብያችኋለሁ።

ይህን ጽሑፍ ስማርት ስልክ ለሌላቸው ጎረቤቶቻችሁ አንብቡላቸው። ጥያቄ ካላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ተረኛ ካልሆንኩ ማታ ማታ እመልሳለሁ።

ጤናችሁ ይብዛ!